መስኮቱን ዝጊልኝ ያላት ዕለት

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ሐይቅ ላይ ሦስት ቡና የፈጀ ክርክር ላውጋችሁ። ሐይቅ ስላችሁ ከተማዋን ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን።

ቦታው እናቴ ቤት ነው። አቦሉ ተቀድቷል። የእህቴ ልጅ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቁማዋለች። ስልኩ ውስጥ የቻይና ቤተ መንግሥት ይታያል፤ የሚነገረው ቻይንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ልጅቱ ጽሑፉን እያነበበች በአማርኛ ትነግረናለች። እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ፣ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ጋሼ፣ እኔም፣ አራታችንም ዓይናችንን ስልኩ ላይ፣ ጆሯችንን እሷ ላይ ጥለናል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የቱርኩን ድራማ አማርኛ ድምፅ አልብሰው የሚያቀርቡት ባለሙያዎች ነበሩ። የኛዋ ተርጓሚ ግን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ብትሳሳት አጠገቧ የሚያርማት የለም። ይህቺን ያዙልኝ።

ድራማው የዠን ኋን ታሪክ ነው። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት የጀመረ፣ 76 ክፍል ያለው፣ ሱን ሊ የተባለችው ተዋናይት ዠን ኋንን ሆና የሠራችበት። ዠን ኋን ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለንጉሥ ዮንግዠንግ ትገባለች፤ ይወዳታልም። የሚወዳት ግን የሞተችውን የመጀመሪያ ንግሥቱን ስለምትመስል መሆኑን ያወቀች ቀን ልቧ ይሰበራል። ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጇን እዚያው ትታ ገዳም ትገባለች። እዚያም የንጉሡን ወንድም፣ አሥራ ሰባተኛውን ልዑል ታፈቅራለች። ከዕለታት አንድ ቀን ልዑሉ ሞተ የሚል ወሬ ይመጣል፤ እሷ ደግሞ ከሱ ጸንሳለች። ለሆዷ ፍሬና ለቤተሰቧ ስትል ጽንሱን የንጉሡ አስመስላ ወደ ቤተ መንግሥት ትመለሳለች። ልዑሉ ግን አልሞተም።

ያን ዕለት የደረስነው ንጉሡ ከጠረጠረበት ቦታ ላይ ነው። መርዝ ያለበት መጠጥ አሲዞ፣ ወንድሜን ግደይልኝ ብሎ ይልካታል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ሁለት ጽዋ። ያወራሉ። ልዑሉ "በረደኝ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ" ይላታል። ተነሥታ ትዘጋለች። ተመልሳ ትቀመጣለች። ይጠጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ከልዑሉ አፍ ደም ይወርዳል።

"መርዙን ቀዳችለት" አለች የእህቴ ልጅ።

እናቴ ጭኗን መታች። "ገደለችው! የልጆቿን አባት!"

"ታዛ እኮ ነው" አሉ እትዬ። "ባትሰጠው እሱም እሷም ልጆቹም ያልቁ ነበር። ወላሂ፣ እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?"

"ትሙታ! ራሷ ጠጥታ ትሙታ!"

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡና "መስኮቱ ለምን አስፈለገ?" አሉ። "ደራሲ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ነገር መስኮት አያዘጋም። መልሺው እስቲ፣ ልጄ።"

መለሰችው። አነበበች። ደግማ አነበበች። ፊቷ ቀላ። "ለሱ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "መርዙን ለራሷ ነበር የቀዳችው። መስኮቱን ስትዘጋ ጽዋውን የለወጠው እሱ ነው።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እትዬም ዝም አሉ። "ቀዳችለት" ባለችው ቃል መጨረሻ ላይ በተቀጠለች አንዲት "ለት" አንዲት ሴት ተፈርዶባት ነበር፤ እኛም ፈርደናል።

ልጅቱ ልታለቅስ ደረሰች። "አብሽሪ" አሏት ጋሼ። "አንቺ ወዲያው አርመሻል። ያላረሙትን ልንገርሽ?" ከዚያ ወደ ሰሜን በእጃቸው አሳዩ። ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ናት። ምኒልክና የኢጣልያው ልዑክ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል አማርኛው። ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዐድዋ ላይ ደም ፈሰሰ።

ድራማ ላይ መከራከር ሥራ መፍታት ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልቀበላቸውም። ያን ዕለት እናቴ ቤት የነበረው ችሎት ነው፤ ምስክር የተሰማበት፣ ፍርዱም ሲሳሳት የተሻረበት።

ቶናው ሲቀዳ ክርክሩ ወደ ንጉሡ ዞረ። ሁሉ ያለው ሰው ወንድሙን ለምን ይፈራል? ለዚህ መልስ ያላት እናቴ ናት፤ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሳትሳለም የቀረችበትን ዓመት አላስታውስም። በኛ አገር የነጋሢ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁት ግሸን አምባ ላይ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1434 ከዚያው ተራራ ወርዶ ነው የነገሠው። "የኛዎቹ ወንድማቸውን መርዝ አላጠጡም" አለች እናቴ።

"ዕድሜ ልክ ተራራ ላይ መቀመጥስ ከመርዙ ይሻላል?" አሉ እትዬ።

እናቴ ቶሎ አልመለሰችም። በእንደዚህ ያለ ጥያቄ ላይ ዝም ማለቷን እወድላታለሁ።

ጋሼ ግን ቻይናም ዘንድ የቃል ጣጣ እንዳለ አወጉን። ዮንግዠንግ እ.ኤ.አ. ከ1722 እስከ 1735 በእውነት የነገሠ ሰው ነው። ሲነግሥ ሐሜት ተነሣበት፤ አባቱ ካንግሺ ዙፋኑን ለአሥራ አራተኛው ልጅ ሲናዘዝ፣ አንዲት ፊደል ተለውጣ "ለአራተኛው" ተባለ የሚል። የታሪክ ሰዎች ሐሜቱን ብዙም አያምኑትም፤ ኑዛዜው በማንቹ ቋንቋም ይጻፍ ስለነበር ፊደል ለውጦ ማለፍ ቀላል አይሆንም። የእውነተኛው ልዑልም ቢሆን መርዝ አልጠጣም፤ ከንጉሡ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ነው የሞተው።

"እና ውሸት ነው?" አለች የእህቴ ልጅ፣ ቅር ብሏት።

"ጽዋው ፈጠራ ነው" አሉ ጋሼ። "ፍርሃቱ ግን የእውነት ነው።"

በረካው ሲደርስ አንዲት ነገር ገና አልተፈታችም ነበር። መርዙ በሷ ጽዋ እንዳለ ልዑሉ በምን አወቀ? እትዬ "ሲያያት ፊቷ ነገረው" አሉ። ጋሼ ደግሞ አላወቀም ባይ ናቸው፤ ጠርጥሮ ነው የለወጠው፣ ብሳሳትም እኔ ልሙት ብሎ። እኔ ወደ እትዬ አደላሁ።

እናቴ ለማንም አላደላችም። መነጽሯን ከመሶቡ ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"መልሺው" አለች። "ስትቀዳ ዓይኑ የት እንዳለ ልየው።"