ካሳ መጠየቅና ይቅር ማለት፦ ከታሪካችን ምን እንማራለን?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ መኪና ገጭቶት እግሩ የተሰበረ ወንድም፣ ልጁ የተጎዳበት አባት ወደ መስጂድ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው። «ካሳ ብጠይቅ በአላህ ቀደር ላይ ማጉረምረም ይሆንብኝ ይሆን? ወይስ ለአላህ ብዬ ልተወው?» ይላሉ። መልሱን ከታሪካችን እንፈልግ።

በጃሂሊያ ዘመን የደምና የአካል ዋጋ የሚለካው በጎሳ ጉልበት ነበር። ኃያሉ ለአንድ ሰው ደም ብዙ ይገድላል፤ ደካማው ሞቶበትም ዝም ይላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ በነዋሪዎቿ መካከል ያጻፉት ሰነድ እያንዳንዱ ወገን የደም ካሳውን በጋራ እንዲከፍል ደነገገ። ኋላም በዐምር ኢብኑ ሐዝም (ረ.ዐ) እጅ ወደ የመን በላኩት ደብዳቤ መጠኑ ተዘረዘረ። ለነፍስ 100 ግመል፣ ለአንድ ዓይን፣ ለአንድ እጅ ወይም ለአንድ እግር 50፣ ለእያንዳንዱ ጣት 10፣ ለጥርስ 5 ሆነ። የጎሳ አለቃውም የተራው እረኛም ጣት ዋጋው አንድ ሆነ ማለት ነው። በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ግመል ሲወደድ የነፍስ ካሳው በወርቅ 1,000 ዲናር፣ በብር 12,000 ዲርሃም እንዲሆን ተወሰነ። ካሳ እንደ ገበያው እየታየ ዋጋውን እንዲጠብቅ መደረጉን ልብ ይሏል።

እንግዲህ መብቱ የተቆረጠው ደካማው አፍሮ እንዳይቀር ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሩበይዕ የተባለች የአንሷር ሴት የአንዲትን ልጃገረድ ጥርስ ሰበረች። ወገኖቿ ይቅርታ ለመኑ፣ ካሳም አቀረቡ፤ የተጎጂዋ ቤተሰቦች ግን እምቢ ብለው ቂሷስ ጠየቁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለምን ጠየቃችሁ ብለው አልወቀሷቸውም፤ በአላህ ፍርድ ፈረዱላቸው። ቤተሰቦቹ በራሳቸው ፈቃድ የለሰለሱት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ መብቱ ታወቀ፤ ይቅርታው ቀጥሎ መጣ።

ሌላም ትምህርት አለ። ኢማሙ አሕመድና ዳረቁጥኒ እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው ጉልበቱን በቀንድ ተወግቶ ፍርድ ጠየቀ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስኪድን እንዲጠብቅ መከሩት፤ እርሱ ግን ቸኮለና ተፈረደለት። ቆይቶ እግሩ አነከሰ፤ ለማነከሱ ግን ሌላ ካሳ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ቁስል ሳይድን ፍርድ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ዛሬም በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ለሕክምና በተሰጠው ጥቂት ብር የእርቅ ወረቀት የሚፈርም ወገናችን ብዙ ነው። የስብራቱ መጨረሻ ሳይታወቅ መፈረም የዚያን ሰው ዕጣ መድገም ነው።

በአገራችንም ካሳ እንግዳ ነገር አይደለም። ሶማሌው «መግ»፣ ኦሮሞው «ጉማ» ይለዋል፤ በወሎ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት የጋብቻን፣ የውርስንና የመሰሉትን ጉዳዮች ስለሆነ፣ የአካል ጉዳት ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ ከሆነ ግን ረጅሙ ይጸናል። ስለዚህ እስኪድን መጠበቅ ማለት ቀኑን ማሳለፍ አይደለም። ማስረጃ እየሰበሰቡ፣ ሐኪሙን እያስጻፉ መጠበቅ ነው።

ታዲያ ይቅርታስ? በሱረቱል ማኢዳህ 45ኛ አንቀጽ እንደምንረዳው፣ መብቱን ለአላህ ብሎ የተወ ሰው ለኃጢአቱ ማበሻ ይሆንለታል። ይህ ትልቅ ደረጃ ነው። ነገር ግን ሰው የሚሰድቀው የራሱን ነው። አባት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁን ካሳ፣ አጎትም የየቲሞችን ድርሻ በእነርሱ ስም ማሩኝ ለሚል ሁሉ ሊለቁት አይችሉም። ፈርቶ ወይም «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዝም ያለም መብቱን ተነጠቀ እንጂ ይቅር አለ አይባልም።

በሌላ በኩል ያልታመመውን ታመምኩ፣ ያልከሰረውን ከሰርኩ የሚል ይጠንቀቅ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንደበቱ ብልጠት የወንድሙን ሐቅ ያስፈረደ ሰው የእሳት ቁራጭ እንደወሰደ አስጠንቅቀዋል።

ስለዚህ የተጎዳ ወገናችን ሐቁን ይወቅ፤ ልኩን ይጠይቅ፤ የልጆቹን ጉሮሮ ይመልከት። ሐቁ በእጁ ከገባ ወይም ከተረጋገጠለት በኋላ ጎጂው ችግረኛ ሆኖ አይቶት ቢምረው ምንኛ ያማረ ነው! ቀደርን መውደድ ሐቅን ከመጠየቅ ጋር አይጋጭም።

አላህ (ሱ.ወ) ለተጎዱት ሺፋውን፣ ለፈራጆቻችን ፍትሑን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።