አምፕሊፋየሩ ከመቀየሩ በፊት

የመኪናዬ አምፕሊፋየር ቤዙ ጠንከር ሲል እየጠፋ ይነሣ ነበር። ጋራዥ ስወስደው «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» ተባልኩ። ከመግዛቴ በፊት ግን በቴስተር ለካሁት። ሙዚቃው ከፍ ሲል ባትሪው ከ12 ቮልት አልወረደም፤ አምፕሊፋየሩ ጋ የሚደርሰው ግን 10 ብቻ ነበር።

ቴስተሩን በአምፕሊፋየሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ሳደርገው ወደ 2 ቮልት አነበብኩ። ከግማሽ ቮልት ማለፍ አልነበረበትም። ለካ ማሳው የታሰረው ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ኖሯል! የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

ጭራሽ የማይበራ ከሆነ በባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ፣ ቀጥሎም ከቴፑ የሚመጣውን ቀጭን የሪሞት ሽቦ ይመልከቱ። ቴፑ ተከፍቶ ሽቦው 12 ቮልት ገደማ ካላሳየ አምፕሊፋየሩን አይውቀሱ።

የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ ወይም በትልቅ አምፒር መተካት (የሚያደርጉት ብዙ ናቸው) መኪናውን ለእሳት ይዳርጋል። በልኩ የተተካው ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ፖዘቲቩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው፣ ጫፉን በፕላስተር ሸፍነው ሌላ ፊውዝ ይሞክሩ። አሁንም ከተቃጠለ ሾርቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ካልተቃጠለ ግን አምፕሊፋየሩን ለጠጋኝ ያሳዩ።