«ሸክላ» የሚለው ስያሜና ቀደምት የድምፅ ማጫወቻዎች

በመዝገበ ቃላት ሥራ «ሸክላ» ላይ ስንደርስ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። የጭቃው ሸክላና የዘፈኑ ሸክላ አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሁለት? መልሱ ያለ መሣሪያው ታሪክ አይገኝም።

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 እ.ኤ.አ. የሠራው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚይዘው በሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ፣ እንደ ወረቀት በሳሳ ቆርቆሮ ነበር። በኋላ ቆርቆሮው በሰም ተተካ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የድምፅ መልእክትም በሲሊንደር የተቀረጸ ነበር።

ኤሚል በርሊነር ግን በ1887 የፈጠራ መብት ባገኘበት ግራሞፎን አማካይነት ሲሊንደሩን በዲስክ ተካው። ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዲስኩ የሚሠራው ከሼላክ ሆነ፤ ይኸውም በእስያ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ይሁንና አብዛኛው የዲስኩ አካል ሙጫው ያያያዘው የድንጋይ ዱቄት ነበር። ስለዚህም ጠንካራ ሆኖ ሳለ ከእጅ ካመለጠ እንደ ገንቦ ይሰባበራል። በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ፣ ባለ10 ኢንቹ በአንድ ፊቱ 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ያሰማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ዘፈናቸውን ያስቀረጹት በዚህ ዓይነት ዲስክ ነው።

«ሼላክ» እና «ሸክላ» ሦስቱን ተነባቢዎች ይጋራሉ፤ የሚለያዩት በቅደም ተከተል ነው። ይህ መቀራረብ ለስያሜው መንገድ ጠርጎ ይሆናል እንጂ ብቸኛ ምንጩ ነው ለማለት አንደፍርም። ከድንጋይ ዱቄት የተሠራንና ሲወድቅ የሚሰበርን ዕቃ ሸክላ ማለት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለምና። ስለዚህ አንድ መነሻ ቃል፣ ሁለት ፍቺ እንዲሆን እንመርጣለን።

ፍቺው ግን «ከሼላክ የተሠራ» ሊል አይገባም። ከ1948 ጀምሮ ባለ33 ዙሩ ረጅም ዲስክ በፕላስቲክ ወጣ፤ አምሐ እሸቴ በ1969 የመሠረተው ድርጅት ያሳተማቸውንም የፕላስቲክ ዲስኮች ሕዝቡ «ሸክላ» ማለቱን አልተወም። «መቅረጽ»ም እንዲሁ ነው። መርፌ ሰሙን ሲፈለፍል ቃሉ ሥራውን በትክክል ይገልጽ ነበር፤ በቴፕ ላይ ግን የሚፈለፈል ነገር የለም፤ ሆኖም «ድምፅ መቅረጫ» እንላለን። ቃሉን «ለማረም» የሚነሣ ተርጓሚ ሲያጋጥመን የምንቃወመውም ለዚህ ነው።

እኛ የምናቀርበው ፍቺ የሚከተለው ነው፦ ሸክላ፣ ስም፤ 2ኛ፣ በፊቱ ላይ በተቀረጸ ጠባብ ቦይ ድምፅ የያዘ፣ በሚዞርበት ጊዜ በመርፌ አማካይነት የሚሰማ ክብ ዝርግ ዕቃ።