«ስቴሽን» የሚለው ቃልና የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ

በአንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና ወደ አማርኛ እንድንመልሰው አዘዙን። በውስጡ «ሶልጀርስ»፣ «ስቴሽንድ»፣ «ብሪጅ» የሚሉ ቃላት ነበሩበት። እኛም «ስቴሽን» ማለት ባቡር ጣቢያ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቅ ብዙ ሳናስብ፣ «ወታደሮቹ በድልድዩ አጠገብ ባቡር ይጠብቁ ነበር» ብለን ጻፍን። መምህራችንም ስቀው፣ «የአዋሽ ልጆች ከዚህ ሌላ ምን ልትሉ ኖሯል?» አሉን። ትክክለኛው ትርጉም ግን «ወታደሮቹ በድልድዩ አጠገብ ተመድበው ነበር» የሚል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን አንድ ቃል ተከታትለን ያገኘነውን በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን «ስታሬ» መቆም ማለት ሲሆን፣ «ስታቲዮ» ደግሞ መቆምን ወይም የመቆሚያን ቦታ ያመለክታል። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ባቡር ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ቃል ይናገሩ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ከሚዞረው ነጋዴ ተለይቶ በአንድ ቦታ ሱቅ ከፍቶ የሚሸጠው ሰው «ስቴሽነር» ይባል ነበር። ይህ ስም በተለይ በዩኒቨርሲቲ አካባቢ መጽሐፍ ለሚሸጡት ሰዎች ይሰጥ ጀመር። ዛሬ ደብተርና እርሳስ የምንገዛበት ሱቅ «ስቴሽነሪ» የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዲህ ስቴሽነሪና ባቡር ጣቢያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጣቢያው ራሱ ከእንግሊዝኛው ስሙ ቀድሞ እንደ መጣ እናያለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊስ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለ ነበረ ቃላቱም ፈረንሳይኛ ነበሩ። «ላ ጋር» የተባለውን ጣቢያ የአዲስ አበባ ሰው «ለገሃር» አለው፤ የምድር ባቡሩም «ሽመንደፈር» ተባለ። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የመንገደኞች ማረፊያም «ቡፌ ደ አዋሽ» የሚለውን ስሙን እስከ ዛሬ እንደ ያዘ ነው። «ስቴሽን» የሚለው ቃል በተማሪው አፍ የተለመደው ከ1941 በኋላ፣ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶች እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ ነው።

የአዋሽ ከተማ ራሷ የዚህ ቃል ልጅ ናት ብንል አናጋንንም። ባቡሩ ስለ ቆመ ሰው ቆመ፤ ሰው ስለ ቆመም ገበያ ቆመ። የእኛም አማርኛ ገበያን «ይቆማል» ማለቱን ልብ ይሏል።

አማርኛችን «ጣቢያ» በሚለው ቃል የእንግሊዝኛውን ብዙ ትርጉሞች ይሸፍናል። ፖሊስ ጣቢያ፣ የሬዲዮ ጣቢያ፣ የምርጫ ጣቢያ እንላለን። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች ሁልጊዜ አይስማሙም። እኛ «ጤና ጣቢያ» የምንለውን እንግሊዝኛው «ሄልዝ ሴንተር» ይለዋል። እንግሊዝኛው «ባስ ስቴሽን» የሚለውን እኛ መናኸሪያ፣ ነዳጅ የሚቀዳበትንም ማደያ እንላለን። ቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ከአዋሽ ተነሥተን በገዋኔና በሚሌ በኩል ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ወደ ሰመራ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር እንረዳለን። በአሳይታ ምትክ የአፋር ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሰመራ የመኪና መንገድ ከተማ ናት። ወደ ጂቡቲ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች በዚያ ያልፋሉ። ይህ መንገድ ሳይቀደድ ግን በዚህ ምድር ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ሣርና ውሃ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ለእርሱ «ስቴሽን» ምንድን ነው? ሁለት የአፋር መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ከብቱ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ይህም ዳጉ ይባላል። በዳጉ የተነገረ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሩቅ አገር ይደርሳል። እንግዲህ ቤትና ማማ ሳይሠራ፣ ሁለት ሰዎች በቆሙበት ቦታ ሁሉ የወሬ ጣቢያ ይቆማል ማለት ነው።

ቃሉ ከምድርም አልፎ ሄዷል። ከ2000 ጀምሮ ሰዎች ሳያቋርጡ የኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ «ስፔስ ስቴሽን» ይባላል። ነገር ግን ይህ ጣቢያ በ90 ደቂቃ ያህል ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል እንጂ ለአፍታ እንኳ አይቆምም! በአንጻሩ በአዋሽ ያለው አሮጌው ጣቢያ እንደ ቆመ ነው፤ ባቡሩ ግን አይቆምበትም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። አባቶቻችን ግን ዛሬም «ጣቢያ እንገናኝ» ሲሉን የት እንደ ሆነ አንጠይቅም። ነገሩ ሲያልፍ ስሙ ይቀራል፤ ስሙም አዲስ ነገር ይሸከማል።

ይህን ሁሉ ያልነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከእኛ ለብዙዎቹ እንግሊዝኛ ከአፋርኛና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ሆኖም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የምንማረው፣ የምንፈተነውም በእርሱ ነው። አንድን ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ ሸምድዶ የያዘ ተማሪ፣ ዕውቀቱ ሳያንሰው በቃሉ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ በደብተራችን አዲስ ቃል ስንጽፍ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚገኝበትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ታናናሾቻችንም ይህንኑ እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንድ ቃል ሲያጋጥማቸውም ቸኩለው አይለፉት፤ እንደ ዳጉ መንገደኞች ጥቂት ቆም ብለው ከወዴት እንደ መጣና ምን እንደ ያዘ ይጠይቁት።