ሳይፈትኑ የሚያምኑት መርፌ፦ የአድሬናሊን አውቶኢንጀክተር አጭር ታሪክ



ዛሬ የማቀርብላችሁ በኪስ የሚያዝ የአንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥኩት መሣሪያው አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው፦ አስቀድመን ልንሞክረው በማንችለው ነገር ላይ ሕይወታችንን የምንጥለው በምን ዋስትና ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከባሕር ይጀምራል። በ1901 ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ በሞናኮው መስፍን በቀዳማዊ አልበርት መርከብ ተሳፍረው የባሕር እንስሳትን መርዝ ማጥናት ያዙ። ወደ ፓሪስ ተመልሰውም ጥናቱን በውሾች ላይ ቀጠሉ። ኔፕቱን የተባለው ብርቱ ውሻ የመጀመሪያውን መርፌ ያለ ሕመም ቻለው። ከ22 ቀናት በኋላ ያው መጠን ሲደገምለት ግን በ25 ደቂቃ ውስጥ ሞተ። ሰውነት መርዙን ይለምደዋል ሲባል፣ ይልቁንም ይበልጥ የሚጎዳበት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ክስተት በ1902 «አናፊላክሲስ» አሉት፤ ሪሼም በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በዚያው ሰሞን ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊንን ከእንስሳት እጢ ነጥሎ አወጣ። እንግዲህ የሕመሙ ስምና መድኃኒቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሆኖም ሁለቱን ለማገናኘት ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ምክንያቱ የኬሚስትሪ ሳይሆን የእጅ ጉዳይ ነበር። ጉሮሮው ያበጠ፣ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው አምፑል ሰብሮ፣ መድኃኒት ቀድቶ፣ መጠን ለክቶ ራሱን መውጋት ይቸግረዋል።

መፍትሔው የመጣው ከሆስፒታል ሳይሆን ከጦር ሜዳ ሥጋት ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ሠራዊት የነርቭ ጋዝ የደረሰበት ወታደር ማርከሻውን በልብሱ ላይ ራሱ የሚወጋበትን መሣሪያ ፈለገ። በ1970ዎቹ ሼልደን ካፕላን የተባለ መሐንዲስ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ይህን ንድፍ አሻሻለ። የዚያው ንድፍ ልጅ የሆነው ኤፒፔን በ1987 ለሕሙማን ተፈቀደ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የታመቀ ሞላ አለ፤ የደህንነት ክዳኑ ይነሣል፤ ጫፉ ከጭን ውጪያዊ ጎን ጋር ሲገፋ ሞላው ይለቀቅና መርፌው ይገባል። ለአዋቂ 0.3፣ ለሕፃን 0.15 ሚሊግራም አድሬናሊን ይሰጣል። በውስጡ ካለው 2 ሚሊሊትር የሚወጣው 0.3 ብቻ ስለሆነ፣ ብዙው ፈሳሽ እዚያው ይቀራል፤ ይህን ያላወቀ ሰው መሣሪያው የከሸፈ ይመስለዋል። በድንጋጤ አገላብጠው ይዘው አውራ ጣታቸውን የወጉም ብዙ ናቸው። በ2009 የቀረበው ንድፍ የመርፌውን ጫፍ ብርቱካናማ፣ የደህንነት ክዳኑን ሰማያዊ ያደረገው፣ ከተወጋ በኋላም መርፌውን የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ጭን ላይ ተጭኖ የሚቆይበት ጊዜም ከ10 ሰከንድ ወደ 3 ተቀነሰ። እዚህ ላይ የምገነዘበው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ሲሳሳት ጥፋቱን በሰው ላይ ብቻ የማይጥል ንድፍ፣ እርሱ ጥሩ ንድፍ ነው።

ነገር ግን ማሽንም ይሳሳታል። በድምፅ መመሪያ የሚሰጠው አውቪ-ኪው በ2015 ሙሉ በሙሉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ መነሻው ትክክለኛ መጠን ላይሰጥ ይችላል የሚል ሥጋት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት 26 ጥርጣሬዎች ገና አልተረጋገጡም ነበር። በ2017 መጋቢት ደግሞ የተወሰኑ የኤፒፔን ምርቶች ጉድለት ባለበት አንድ አካል ምክንያት ተሰበሰቡ። በመስከረም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአምራቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ በአደጋ ጊዜ አልሠራም የሚሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች በሚገባ አለመመርመራቸውን ገለጸ።

አንድ መሣሪያ ጥቅም ላይ ሲውል ያበቃል፤ የምትፈትሹት መርፌ ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም። ስለዚህ ባለቤቱ የሚያምነው የያዘውን መርፌ ሳይሆን፣ ከእርሱ ጋር አብረው ተመርተው የተፈተኑትን ሌሎች መርፌዎች ነው። የፋብሪካው ጥንቃቄና የተቆጣጣሪው ንቃት የመሣሪያው የማይታዩ ክፍሎች ናቸው። አንድ የከሸፈ መርፌ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ተራ ዕቃ ሳይሆን ምስክር ነው።

ዋስትናው ዋጋም አለው። በ2016 የሁለት ኤፒፔን ዋጋ በአሜሪካ 600 ዶላር ገደማ ደርሶ ጉዳዩ ለምክር ቤት ጥያቄ ቀርቧል። ሊገዛ የማይችል መሣሪያ ደግሞ ለድኻው ከከሸፈ መሣሪያ አይለይም።

በሀገራችን ጤና ተቋማት አድሬናሊን ከአምፑል በሲሪንጅ ተቀድቶ ይሰጣል፤ በሠለጠነ እጅ ይህ ዛሬም ሕይወት አዳኝ ነው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ንብ ቀፎ አጠገብ ግን ያ እጅ የለም። ተማሪዎቼ፣ ነገ መሣሪያ ብትነድፉ የምትነድፉት ለተረጋጋ ሰው አይሁን፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይሁን።