በረዶ የለንም፣ ናዳ ግን አለን

እኛ የላምበረት ልጆች የምናውቀው በረዶ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለውና በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው። "የበረዶ ናዳ" ሲባል ፊልም ነው የሚመስለን። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ከጀርባችን ያለውን ተራራ ዞር ብለን እንድናይ አደረገን።

እስቲ ወደ 1909 ዓ.ም. እንመለስ። እኛ ዘንድ ጥቅምት 17 ቀን የሰገሌ ጦርነት ተካሂዶ የሟቾቹ ለቅሶ ገና አልወጣም። በዚያው ሰሞን በሰሜን ጣሊያን ተራሮች ላይ የኦስትሪያና የጣሊያን ወታደሮች ተፋጠው ነበር። ኦስትሪያዎቹ ማርሞላዳ ከሚባለው ተራራ ጫፍ ሥር የእንጨት ሰፈር ሠርተዋል። ቦታው ከጣሊያን መድፍ ይከልላል፤ ከላይ ከሚመጣ በረዶ ግን አይከልልም። ይህ የገባው አዛዥ፣ ሻምበል ሩዶልፍ ሽሚድ፣ ሰፈሩ ይነሳ ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ። እምቢ አሉት።

የክረምቱ መግቢያ ላይ በረዶው ያለ ልክ ወረደ። በአጭር ጊዜ የተከመረ በረዶ ከሥሩ ካለው ጋር ለመያያዝ ፋታ አያገኝም። በዚያ ላይ አየሩ ሞቅ ሲል ይከብዳል፣ ይላላል። ታኅሣሥ 4 ቀን ንጋት ላይ ተናደ። 270 ያህል ወታደሮች ሞቱ።

"ታዲያ እኛን ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ጭቃም የሚናደው በዚያው ሕግ ነው፤ ዳገት፣ ክብደት፣ ውሃ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። የአካባቢው ሰው ኡኡታውን ሰምቶ ሮጠ፤ በአካፋም በእጁም መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ።

ለጩኸት መድረስ የምንኮራበት ነገር ነው፤ ማንም ቅር አይበለው። ግን የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን ያጣል። ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ቀና ብሎ ዳገቱን ይጠብቅ፤ ፈሪ አይባል።

እንጦጦ ጎፋ ነው አላልንም። ግን ምኒልክና ጣይቱ ከተማቸውን እዚያ ቆርቁረው ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ተራራው ብዙ ችሏል፤ ዛፉ ተጨፍጭፏል፣ ባሕር ዛፍ ለብሷል፣ አሁን ደግሞ ግርጌው እየተቆረጠ ቤት ይሠራበታል። ሰኔ ሲገባ ሁላችንም የሚያፈስ ጣሪያ እንጠግናለን። በዚያው ከቤታችን በላይ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ፣ ዛፉ ዘንበል ብሎ እንደሆነ ብናይስ? አይተን ብንናገርስ፣ የሚሰማን አለ? ሽሚድም ተናግሮ ነበር።