«መንገድ ላይ ብንቀርስ?» የሊማሊሞ ነጋዴዎች ስንቅ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ጠመዝማዛ የሊማሊሞ መንገድ ጣሊያን የሠራው በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትስ? ገደሉ የሚወጣው በእግርና በበቅሎ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው።

መንገዱን በደንብ የሚያውቁት ግን ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ከአፋር በረሃ የወጣ አሞሌ ጨው በአጋሰስ ጭነው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ ሊማሊሞን ወጥተው፣ በደባርቅና በዳባት አድርገው ጎንደር ይገባሉ። መንገድ ላይ መቅረት ለእነሱ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ክረምት ላይ ተከዜ ይሞላል፤ ድልድይ የለም። ኬላ ላይ ቀረጥ ተከፍሎ እስኪያልቅ መጠበቅ አለ። አጋሰስ ይታመማል፣ ሽፍታ ይመጣል። ስለዚህ ስንቃቸው ለመድረስ ብቻ ሳይሆን ለመቆየትም ጭምር ነው።

እስቲ በሶን እንይ። ገብሱ ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውኃ አይራቡም። ቆሎው በስሎ ስለተፈጨ እሳት ማንደድ አያስፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ መብላት ነው። ቋንጣና ድርቆሽም የሚቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ብርድ ነው። 1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቆላው ዛሪማ ላይ በላብ የተጠመቀ ሰው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ሲመሽበት ይንቀጠቀጣል። የስሜን እረኛ ደበሎ የሚለብሰው ለዚህ ነው፦ በጸጉሩ መሀል የተያዘው አየር የሰውነት ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል። ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ከራሰ ግን ጥጡ ውኃ ይይዝና ሙቀታችሁን ይወስዳል።

ሦስተኛው መላ ብቻ አለመሄድ ነው። ነጋዴዎቹ ተጠባብቀው፣ በነጋድራስ እየተመሩ ይጓዙ ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያየዋል።

እናንተስ? መኪናው ሊማሊሞ ላይ ቢበላሽ ወይም ናዳ መንገዱን ቢዘጋ ስልካችሁ ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ቦርሳችሁ ውስጥ ትንሽ በሶ፣ የውኃ ኮዳ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጋቢና የእጅ ባትሪ ይኑር። ከመነሳታችሁ በፊት በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለቤተሰብ ንገሩ። ከቀራችሁም በጨለማ ገደል ለመውረድ አትሞክሩ፤ አብራችሁ ሁኑ፣ ከመኪናው አትራቁ። ሊፈልጋችሁ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መንገዱን ነው።